አልከደን ያለው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ አልከደን ሲለው አሥራት መጀመሪያ የጠረጠረው እስክርቢቶ ነው። ክዳኑን ከፍ አድርጎ በቁልፎቹ መሀል ጣቱን ሰደደ፤ ምንም የለም። ደግሞ ገጠመው። አንዱ ጎን እሺ ሲል ሌላው ጎን እምቢ ብሎ ቀና አለ።

ላፕቶፑ የሴት ልጁ የዮዲ ነበር። ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ስትጠቀምበት ኖራ፣ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ መሥሪያ ቤቷ አዲስ ሰጣትና አሮጌው አሌክሳንድሪያ፣ አባቷ ቤት ቀረ። እሷም ብዙ አልቆየች። አንድ ቅዳሜ ልብሷን በሻንጣ ሞልታ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራየች። “ለሥራዬ ይቀርበኛል” ነበር ያለችው። አሥራት ግን ሴት ልጅ ሳታገባ ካባቷ ቤት የምትወጣው ለሥራ ነው ቢሉት አይዋጥለትም። አልተቆጣም፣ አልመረቀም፤ ዝም አለ። ዝምታው እየሰነበተ ሲሄድ ልማድ ሆነ። ሚስቱ ተናኘ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች፣ ትመጣለች። እሱ “ደህና ናት?” ይላል፤ እሷ “ደህና ናት” ትለዋለች፤ በቃ።

ላፕቶፑ ግን ቀረለት። አሥራት የሚሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ቫሌ ፓርኪንግ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ ይውልና ማታ ሲገባ አልጋው ላይ ጋቢውን ደልደል አድርጎ፣ ላፕቶፑን ከላዩ አስቀምጦ ኳስ ወይም ዜና ይከፍታል። ቻርጀሩ ከግድግዳው ተነቅሎ አያውቅም። ያውም ዋናው ተበላሽቶ ስም በሌለው ርካሽ ቻርጀር ተተክቷል። እንቅልፍ ሲወስደው ማሽኑ ጋቢው ላይ እንደጋለ እግሩ ሥር ያድራል። በብርዱ ወራት እንዲያውም ሙቀቱን ወዶለት ነበር።

አልከደን ከማለቱ በፊት መወዛወዝ ነበር የጀመረው። ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው አንድ እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ይንገዳገዳል። አሥራት ጠረጴዛውን ጠረጠረና ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር ሸጎጠ። ቀጥሎ የላፕቶፑ ታችኛው ክፍል ሆድ አወጣ። በመዳፉ ጫን ሲለው ቀጭ አለና ተመልሶ ተነፋ። አሥራት ስለ ባትሪ የሚያውቀው ከመኪና ነው፤ ባትሪ ሲደክም መድኃኒቱ ቻርጅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶት አደረ። ጠዋት ባሰበት። ያኔ ክዳኑን በግድ ገጥሞ ትልቁን የጤፍ ዱቄት ከረጢት ጫነበትና ሥራ ሄደ። ሲመለስ ተጠፍጥፎ አገኘው።

“ይኸው፣ መላ አይጠፋም” አላት ተናኘን።

“ዱቄቴን አትድፋብኝ እንጂ የፈለግኸውን አድርግ” አለችና ከረጢቱን ተሸክማ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ አሥራት ከቅዳሴ ሲመለስ መኝታ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሽታ ጠበቀው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል፤ ጣፈጥ ይላል፣ አፍንጫም ይወጋል። ተናኘ ደፍታ የሄደች መሰለውና መታጠቢያ ቤት ገብቶ መሳቢያውን ሁሉ በረበረ። የተደፋ ነገር የለም። ተመልሶ ሲመጣ ነው አልጋው ላይ ዓይኑ ያረፈው። ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ ጋቢው ላይ ተቀምጧል። የጣት መዳሰሻው ከቦታው ተነቅሎ ቆሟል፤ የታችኛው ሽፋን ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ የብር ቀለም ያለው ትንሽ ትራስ የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል።

ተናኘ ጋ ደወለ። አላነሳችም። አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ ሺፍት ላይ ስትሆን ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። አሥራት ስልኩን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የዮዲን ስም ፈልጎ ነካ።

“ዳዲ? ማሚ ደህና ናት?” አለች ገና ስታነሳ። እሱ ደውሎላት ስለማያውቅ ክፉ ነገር ነው የመጣባት።

“ደህና ናት። ኮምፒውተርሽ አብጧል።”

“ምን?”

“አብጧል። ሆዱ ተነፍቷል።” ስልኩን አዙሮ በቪዲዮ አሳያት።

ዮዲ ጮኸች። “ኦ ማይ ጋድ! ዳዲ፣ ዶንት ተች ኢት! እንዳትነካው! ባትሪው ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ከቤት አውጣው፣ ራይት ናው!”

“አልንካው ወይስ ላውጣው?”

“ሁለቱንም! ዳዲ፣ ሊስን፣ ቬንት ሊያደርግ ይችላል፣ እና…” ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወርዳ ኖሮ መስመሩ ተቆረጠ።

አሥራት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሳይነኩ የሚያወጡት እንዴት ነው? ቬንት ያለችውስ? እሱ የሚያውቀው ቬንት ከጣሪያው ሥር ያለው የማሞቂያው መውጫ ነው እንጂ ባትሪ ጋዝ ሲተፋ እንደዚያ እንደሚባል አልሰማም። ወንበር ላይ ወጥቶ ዘጋው። ከወረደ በኋላ ዝጋ ነው ክፈት ያለችኝ ብሎ ተጨነቀ፤ እንደገና ወጥቶ ከፈተው። ከዚያ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለና የኩሽና ጓንት አጥልቆ፣ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ በረንዳ አወጣው። ሲሚንቶው ላይ አስቀምጦት ወደ በሩ አፈገፈገ።

“ጋሽ አሥራት፣ ምን ይዘው ነው?” አለ ከላይኛው በረንዳ አንገቱን ያሰገገው ደሳለኝ። ደሳለኝ ኡበር የሚነዳ ጎረቤታቸው ነው፤ ሰው ሲቸገር ሳይጠሩት ይደርሳል። ወዲያው ወርዶ መጣና ጎንበስ ብሎ አየው።

“አየር ነው የሞላው። በመርፌ ወጋ ቢያደርጉት ይወጣለታል።” ወዲያው ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ። “ወይም ፍሪዘር ውስጥ ይክተቱት። ዩቲዩብ ላይ የስልክ ባትሪ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ።”

“የቱ ነው የሚሻለው?”

“ኧረ እኔንጃ። መጀመሪያ ፍሪዘሩን ይሞክሩ፤ እምቢ ካለ መርፌውን።”

አሥራት ገብቶ ፍሪዘሩን ከፈተና ሥጋውን ወዲያና ወዲህ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀ። ዶሮውን በእጁ እንደያዘ ስልኩ ነዘረ። ዮዲ በእንግሊዝኛ ጽፋለታለች፤ ቃል በቃል እየፈታ አነበበው። እንዳትወጋው። እንዳትጫነው። ፍሪዘር እንዳትከት። ቻርጅ እንዳታደርገው። ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥለው። ብረት ዕቃ ካለህ አሸዋ ጨምርበትና ላፕቶፑን ከላዩ አድርገህ ውጪ አስቀምጠው፤ ከዚያ ለእሳት አደጋ ደውል።

“እንዳትጫነው” የምትለዋ ላይ ሲደርስ ዱቄቱ ትዝ አለውና ፊቱ ጋለ። ማን ነገራት?

ዶሮውን መለሰና የተናኘን ትልቁን ብረት ድስት ይዞ ወጣ። ለእሳት አደጋ መደወሉን ግን አልወደደውም። አንዴ አንዱ ተከራይ ፖፕኮርን አሳርሮ የሕንፃው ሰው በሙሉ በፒጃማ ብርድ ላይ ቆሟል፤ ያ ሰውዬ እስካሁን “ፖፕኮርን” ተብሎ ነው የሚጠራው። ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይህን ያህል ጣጣ ምን ይሉታል?

አሸዋ የሚገኘው አንድ ቦታ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ፣ ልጆች የሚጫወቱበት። አሥራት የቅዳሴ ልብሱን ሳይቀይር ተንበርክኮ በሻይ ሳህን አሸዋ ወደ ድስት ሲዝቅ፣ ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ቆማ አየችው። ፈገግ አለላት። እሷ ጋሪዋን አዞረች።

ላፕቶፑን በአሸዋው ላይ ጋደም አድርጎ ድስቱን በረንዳ ላይ እንዳስቀመጠ ካፊያ ጀመረ። “ውሃ እንዳይነካው! ውሃና ኤሌክትሪክ!” ብሎ ጮኸ ደሳለኝ። ወደ ቤት እንዳያስገባው ዮዲ አውጣው ብላለች፤ ውጪ እንዳይተወው ይዘንባል። አሥራት ልቡ ከሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ድስቱን አቅፎ ወረደና መኪናው ትራንክ፣ ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ብርድ ልብስ አስደግፎ አስቀመጠው፤ ይቃጠላል ብሎ ደግሞ ብርድ ልብሱን ብቻ መልሶ አወጣ። አሮጌ ባትሪ ይቀበላሉ ብሎ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ሄደ።

በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ መልካም ፈገግታ ነበረው፤ ድስቱ ውስጥ እስኪያይ ድረስ። ሲያይ ወደ ኋላ ተራመደ። “ሰር፣ ይህን እዚህ ማስገባት አይችሉም።”

“የባትሪ መቀበያ አላችሁ አይደል?” አለ አሥራት በሩ አጠገብ ያለውን ሣጥን እያሳየ።

“ጤነኛ ባትሪ ነው የምንቀበለው። ያበጠ አንቀበልም። ከተማው የሚቀበልበት ቦታ አለ፤ ዛሬ ግን ዝግ ነው።”

“እስከዚያ የት ላድርገው?”

“ቤት ውስጥ አያስቀምጡት።”

“መኪና ውስጥስ?”

“መኪና ውስጥም አይደለም፣ ሰር።”

“ታዲያ የት?”

ሠራተኛው ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዞረ። አሥራት ድስቱን ታቅፎ ፓርኪንጉ መሀል ቆመ። ሁሉም ሰው የት እንደማይሆን ያውቃል፤ የት እንደሚሆን የሚነግረው ግን አንድም አልተገኘ።

ስልኩ ጮኸ፤ ዮዲ ናት። ድምፅዋ እንደተቀደደ ወረቀት ብጥስጥስ እያለ ነው የሚመጣው። “ዳዲ… አሁን… ካም… ሲልቨር ስፕሪንግ… ኦኬ?”

“ኦኬ” አለ አሥራት። ተቆረጠ።

መልሶ መደወል ይችል ነበር። አልደወለም። ካም ብላዋለች፤ ና ማለት ነው። ልጁ ከወጣች ጀምሮ አንድም ቀን ና ብላው አታውቅም፤ ወይም ብላው እሱ አልሰማ ይሆናል፤ አሁን እሱን ማጣራት አልፈለገም። ቢደውልና አይደለም ብትለውስ?

የዮዲን አድራሻ ተናኘ አንድ ጊዜ ልካለት ነበርና ጂፒኤሱ ላይ ሞላው። ድስቱን ወደ ትራንኩ መለሰ፣ ማሞቂያውን አጠፋ፣ አራቱንም መስኮት ከፈተ፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ገባ። የየካቲት ብርድ ጆሮውን ይገርፈዋል፤ ካፊያው ጉልበቱ ላይ ያርፋል። ትልቁን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ መንገዱ ነጠር ባደረገው ቁጥር ትከሻው ይሸማቀቃል፤ ጆሮው ወደ ትራንኩ ነው። በቀኙ ጠርዝ ይዞ ሲያዘግም ከኋላው የነበሩት መኪኖች ጡሩንባቸውን እየነፉበት አለፉ። ሌላ ቀን ቢሆን ይናደድ ነበር። ዛሬ የሚያስበው ስትከፍትልኝ ምን እላታለሁ የሚለውን ብቻ ነው። ደህና ዋልሽ? ቤትሽ ጥሩ ነው? ወይስ በቀጥታ ስለ ባትሪው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ፓርኪንግ አቆመና ወደ መግቢያው ሄዶ ደወሉን ተጫነ። የከፈተችው ዮዲ አይደለችም። ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ወጣት ናት።

“ጋሼ አሥራት! እኔ ሮሆቦት ነኝ፣ የዮዲ ሩምሜት” አለች በፎቶ የምታውቀውን ፊት አይታ ደንግጣ። “ዮዲ እኮ ወደ እርስዎ ሄደች!”

“ወደ እኔ? የት?”

“አሌክሳንድሪያ ነዋ! ከሄደች ቆየች።”

አሥራት ተመለከታት። ቃሉን ሰምቷል፤ ትርጉሙ ግን ሊገባው አልቻለም። “ና ብላኝ ነው የመጣሁት” አለ።

“ኧረ አይደለም፤ አሁን አይ ዊል ካም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተነሳሁ ነው ስትልዎ አጠገቧ ነበርኩ። ለመሆኑ ላፕቶፑ የት አለ?”

“ትራንክ ውስጥ።”

ሮሆቦት ፎጣዋን ከራሷ ላይ ጣለችና ጫማ ፍለጋ ሮጠች።

አሥራት ቀድሟት ትራንኩን ሲከፍት ያ ሽታ ፊቱን መታው፤ ከጠዋቱ ብሷል። ድስቱን በጆሮዎቹ ይዞ አወጣው። በዚህ ጊዜ ብቻ ምን ማድረግ እንዳለበት ለመጠየቅ አላሰበም። መኪና ያልቆመበትን ጥግ ፈልጎ፣ ከዛፉም ከሕንፃውም አርቆ፣ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠውና ወደ ኋላ ሸሸ። ገና ሮሆቦት አጠገብ ሳይደርስ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ያለ ድምፅ ተሰማ። ነጭ ጭስ ተስቦ ወጣ፤ ቀጥሎ ቷ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ነበልባል። ከድስቱ አፍ ብልጭታ እየተረጨ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። አሥራት የሮሆቦትን ክንድ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። ዓይኑን ከእሳቱ ላይ ማንሳት አልቻለም። ከትራንኩ ካወጣው ገና ምንም አልቆየም።

ሮሆቦት ናይን ዋን ዋን ደውላ ነበርና የእሳት አደጋ መኪናው ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። ሁለት ሰዎች ወርደው ውሃ ለቀቁበት፤ ጢሱ ወፍሮ ወፍሮ ሟሸሸ። አሥራት ውሃውን ሲያይ ደነገጠ። “ውሃ እንዳይነካው ተብሎ አልነበረም እንዴ?” አለ። ሮሆቦት ጠይቃ መለሰችለት፤ ላፕቶፕ ሲነድ ውሃ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ባይቀዘቅዝ አንዴ የጠፋ መስሎ እንደገና ይነሳል። ከሁለቱ በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ ቀጥሎ ወደ አሥራት ዞረ። ላፕቶፑን የመታው ወይም የተጫነው ነገር ነበር ወይ ነው የሚለው።

“ጤፍ” አለ አሥራት።

“ምን?” አለች ሮሆቦት።

“የጤፍ ዱቄት ከረጢት። እንዲጠፈጠፍ።”

ሮሆቦት ለሰውየው “ፍላወር” አለችው። በእንግሊዝኛ ዱቄትና አበባ አጠራራቸው አንድ ነውና ሰውየው ግራ ገብቶት “አበባ ነው የጫነበት?” አላት። እሷ በእጇ የከረጢቱን ትልቅነት ስታሳየው ይበልጥ ግራ ገባው። ሌላኛው ባልደረባው “ለመብል የሚሆን ዱቄት ማለቷ ነው” ብሎ አስረዳው። ሰውየው አልሳቀም። ሲጫን ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን እንደሚቀደድ፣ ጉዳቱ የዚያኑ ቀን ላይታይ እንደሚችል፣ ሰው ሳይነካው ተቀምጦ ሳለ ሊነድ እንደሚችል ነገራቸው። ያበጠ ባትሪ ሲያይ ከሁሉ በፊት ወደ እነሱ መደወል እንደነበረበት፣ ይዞ መንዳት እንዳልነበረበትም ጨመረ።

“እና ለምን አሁን?” አለ አሥራት። “ስጫነው ዝም አለ። ቻርጅ ሳደርገው ዝም አለ። አሁን በጥንቃቄ ሳወርደው ለምን?”

ሮሆቦት ተረጎመችለት። ሰውየው “አላውቅም” አለ። አሥራት ከጠዋት ጀምሮ ካነጋገራቸው ሰዎች ሁሉ አላውቅም ብሎ ሌላ ምክር ያልጨመረበት ይህ ብቻ ስለነበር፣ ለምን እንደሆነ ባያውቅም፣ ትንሽ ቀለል አለው።

ዮዲ መኪናዋን መንገድ መሀል ማለት ይቻላል ትታ ስትሮጥ የመጣችው ያኔ ነው። አሌክሳንድሪያ ደርሳ በሩን ስትደበድብ ደሳለኝ አባቷ ድስት ይዞ እንደሄደ ነግሯት፣ ሮሆቦትም እዚህ መሆኑን ደውላ ስትነግራት ወዲያው ዞራ ነው። የእሳት አደጋውን መኪናና ጢሱን አይታ ፊቷ አመድ መስሏል። አባቷን ስታይ ቆመች። ከዚያ መጥታ በሁለት እጇ ደረቱን ገፋችው፤ መልሳ ደግሞ ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው።

“ከእሱ ጋር ነዳህ? ዳዲ፣ ከዚያ ነገር ጋር ቤልትዌይ ላይ ነዳህ? ዋይ?”

“ና ስላልሽኝ።”

“አይ ሴድ፣ አይ ዊል ካም! እኔ! እኔ እመጣለሁ ነው ያልኩህ!”

“አንቺ ልትመጪ?” አለ አሥራት።

ዮዲ ኮቱን ለቀቀች። አሥራት የተናገረውን ራሱ መልሶ ሰማው። ጠዋት ስትጮህበት፣ ስትጽፍለት፣ ስትደውልለት፣ ልጁ ራሷ ተነስታ ትመጣለች የሚል ሐሳብ አንድም ጊዜ አልመጣለትም። ና ማለቷን ወዲያው አመነ፤ መምጣቷን ግን አልገመተም።

“ኦፍ ኮርስ እመጣለሁ” አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። “ቤቴ እኮ ነው።”

የትኛውን ቤት ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ሊጠይቃት ፈለገና ተወው። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት፤ አሸዋ ነበረበትና ፊቷ ላይ ቀረ። በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

“በኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረሽ ነገር?” አላት ቀጥሎ። “የትምህርትሽ፣ ፎቶሽ?”

“ክላውድ ላይ ነው፣ ዳዲ። ምንም አልጠፋም።”

አሥራት ክላውድ ሲባል የሚያውቀው ደመናን ነውና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ካፊያው አቁሟል።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ የቀረውን ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ድስቱን ለማንም አልመለሱም፤ የሚመለስም አልነበረም። ዮዲ መኪናዋን ካስተካከለች በኋላ ወደ ቤቷ ይዛው ወጣች። አሥራት በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ወገቡ ያዘው፤ ዮዲ ተንበርክካ ፈታችለት። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ሶፋ፣ የተልባ ቀለም ያለው ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ዕፅዋት። ሮሆቦት ፓስታ አሞቀች። አሥራት በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም አለ፤ ለአንድ አፍታ ብሎ ነበር።

ሲነቃ የት እንዳለ ጠፋው። ጣሪያው የእሱ አይደለም። ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ማን እንዳለበሰው አያውቅም። መስኮቱ ላይ ገና ትንሽ ብርሃን አለ። ከኩሽናው በኩል የዮዲ ድምፅ ይሰማል፤ ከሆነ ሰው ጋር በስልክ በእንግሊዝኛ ትጣደፋለች። “ማይ ዳድ” ስትል ሰማ። “ድስት” አለች በአማርኛ። ከዚያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ተናገረች። እየቀለደችበት ይሁን እየኮራችበት ወይም እያለቀሰች እንደሆነ አሥራት መለየት አልቻለም። ተነስቶ ሊጠይቃት አሰበ። ዓይኑን መልሶ ጨፈነና ድምፅዋን ብቻ አዳመጠ።